በረንዳችሁ ላይ ስላረፈችው ባለ ቀለበት ርግብ

ይድረስ፦ በብሪታንያ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወገኖቼ
ግልባጭ፦ ለርግብ ውድድር ማኅበራትና ለየአካባቢው ክለቦች
ጉዳዩ፦ መንገድ ላይ የቀሩ የውድድር ርግቦችን ለባለቤቶቻቸው ስለ መመለስ



ከሚያዝያ እስከ መስከረም፣ በተለይ ቅዳሜ ማታና እሑድ ጠዋት፣ የማላውቀው ቁጥር ከደወለልኝ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ርግብ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የውድድር ርግብ የሚያረባ ሐበሻ ብዙ ስለሌለ ስልኬ ከሰው ሰው እየተሻገረ ሊድስና ለንደን ድረስ ደርሷል። «ወንድሜ፣ አንዲት ርግብ በረንዳችን ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። እግሯ ላይ ቀለበት አለ። ምን እናድርጋት?» ጥያቄው ሁሌም ይኸው ነው፤ እኔም መልሱን በየስልኩ ከምደጋግመው በአደባባይ ልጻፈው አልኩ።

መልሱ አጭር ነው። አታባርሯት፤ አታስቀሯትም። ውሃና እህል ስጧት፣ ቀለበቷ ላይ ያለውን አንብቡ፣ ለርግብ ውድድር ማኅበሩ አሳውቁ። የቀረው የዚህ ደብዳቤ ክፍል ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ነው፤ በተለይ ስለ ማስቀረቱ። የሚያባርር ሰው ደግ እንዳልሠራ ልቡ ያውቀዋል። የሚያስቀር ሰው ግን ጽድቅ የሠራ ስለሚመስለው እሱን ማሳመን ይከብዳል።

በመጀመሪያ እንግዳዋን ላስተዋውቃችሁ። የውድድር ርግብ በየአደባባዩ ፍርፋሪ ከምትለቅመው የከተማ ርግብ ጋር ዘሯ አንድ ነው። ልዩነቱ ሰው ለብዙ ትውልድ ፈጥነው ወደ ቤት የሚመለሱትን እየመረጠ ማዳቀሉ ነው። ደረቷ ሞላ ያለ፣ ላባዋ የሚያንጸባርቅ፣ ከመንቁሯ መነሻ በላይ ያለው ነጭ እባጭ ጎላ ያለ ነው። ሰው ሲቀርባት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ትላለች እንጂ ተነሥታ አትበርም፤ ያደገችው በሰው እጅ ነውና። ቀለበቱን ያጠለቁላት በተፈለፈለች በሳምንቷ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ጣቶቿ ገና ለስላሳ ስለሆኑ ሦስቱ የፊት ጣቶች ተሰብስበው ያልፋሉ፣ የኋላው ጣት ቀስ ተብሎ ይወጣል። እግሯ ከወፈረ በኋላ ቀለበቱ አይወልቅም፤ መገጣጠሚያም የለውም። በገጠር በከብት ጆሮ ላይ እንደሚደረገው ምልክት ዕድሜዋን በሙሉ ይዛው ትኖራለች፤ የእሷ ግን በቁጥር የተመዘገበ ነው።

ወደ ውድድሩ ስንመጣ፣ ዓርብ ማታ አርቢዎች ርግቦቻቸውን በቅርጫት ይዘው ክለባቸው ይሰበሰባሉ። ርግቦቹ ተመዝግበው ለዚሁ በተሠራ የጭነት መኪና ይጫናሉ፤ ሌሊቱን ወደ ደቡብ ይጓዛሉ፤ ማለዳ አየሩ ታይቶ በሮቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ አርቢው ጓሮው ውስጥ ቆሞ ሰማይ ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። የእያንዳንዱ አርቢ ቤት ከመነሻው ያለው ርቀት ለየብቻ ስለሚለካ የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን በደቂቃ ብዙ ያርድ የበረረው ነው። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራሉ።

እኔ በምኖርበት አካባቢ ይህ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ስፖርት ነበር። ቀኑን መሬት ሥር የዋለ ሰው ማታ ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ አይገርምም። በሰንደርላንድ አጠገብ በምትገኘው ራይሆፕ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ አንድ የእንጨት የርግብ ቤት ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቦ ይጠበቃል። በባቡር ዘመን ደግሞ ቅርጫቱ በባቡር ይላክና ሩቅ ጣቢያ ያለው ሠራተኛ ከፍቶ ይለቅቃቸው፣ የለቀቀበትን ሰዓት ጽፎ ባዶውን ቅርጫት ይመልስ ነበር። የማያውቀው ሰው ንብረት ነው፤ ግን ይመልሳል። ይህን ያነሣሁት ከጉዳዩ ጋር በጣም ስለተያያዘ አይደለም፤ ስለምወደው ነው።

ታዲያ ያቺ ርግብ ለምን እናንተ በረንዳ ላይ ወረደች? ብዙዎቹ ተጓዦች በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ናቸው። መልካቸው የአዋቂ ቢሆንም ልባቸው የልጅ ነው፤ የልጆቹ ውድድር የሚካሄደው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሆነ ስልኬም የሚበዛው ያኔ ነው። ፊት ለፊት የሚነፍስ ነፋስ ያደክማቸዋል፤ ዝናብና ጭጋግ ያወርዳቸዋል፤ ጭልፊት መንጋውን ይበትነዋል፤ ሽቦ ይመታቸዋል። አንዳንዴም ከሌላ ቦታ የተለቀቀ መንጋ መንገዳቸውን ያቋርጥና ልጆቹ ከማያውቁት ጋር ተቀላቅለው አብረው ይነጉዳሉ። እንዲህ ያደረገችው የሰንደርላንድ ርግብ ማንቸስተር ብትገኝ እኔን አይደንቀኝም።

በአንድ ቀን ብዙ ሺህ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1997 የብሪታንያው ንጉሣዊ የርግብ ውድድር ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ለማክበር ከናንት፣ ፈረንሳይ፣ ከ60,000 በላይ ርግቦች አስለቀቀ፤ ከነዚያ ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ቤታቸው አልደረሱም። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የመሬት ሳይንስ ተመራማሪ ጥፋተኛው ኮንኮርድ አውሮፕላን ሊሆን ይችላል የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ርግቦች ሰው የማይሰማውን ዝቅተኛ ድምፅ ለአቅጣጫ ይጠቀሙበታል፣ ከድምፅ የፈጠነው አውሮፕላን የፈጠረው ነጎድጓድ አደነቆራቸው ነው ነገሩ። ሁሉም አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ደግሞ በአንድ ቅዳሜ በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ርግቦች ሳይመለሱ ሲቀሩ አንዳንዶች የፀሐይ ማዕበልን ጠረጠሩ። ባለቤቶቹ ዘንድ የቁራ መልእክተኛ ሆነው የቀሩት ሁሉ ግን የሆነ ሰው ጣሪያ፣ የሆነ ሰው ጓሮ ላይ ወርደው ነበር።

ርግብ ቤቷን በምን ታውቃለች የሚለው ዛሬም ያከራክራል። በፀሐይ አቀማመጥ መመራቷ የታወቀ ነው። ዊልያም ኪተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 ርግቦች ላይ ማግኔት አስሮ ሲለቅቅ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ያልተቸገሩት ደመና በሆነበት ቀን ተሳሳቱ፤ ስለዚህ የመሬት መግነጢስም ድርሻ አለው ተባለ። ጣሊያናዊው ፍሎሪያኖ ፓፒና የፒሳ ባልደረቦቹ በማሽተት ነው ብለው ተነሡ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ደግሞ መሣሪያ አስረው ሲከታተሏቸው፣ አገሩን የለመዱ ርግቦች አውራ ጎዳናውንና ባቡር ሐዲዱን ተከትለው ሲበሩ አገኟቸው። እኔ የሁሉም ድብልቅ ነው ባይ ነኝ። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግን ይህ ነው፦ በረንዳችሁ ላይ ያለችው ርግብ ብዙውን ጊዜ አቅጣጫዋ አልጠፋትም፤ ጉልበቷ ነው ያለቀው። አንድ ሁለት ቀን በልታ ጠጥታ ካረፈች ራሷ ተነሥታ የምትሄደው ጥቂት አይደለችም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት የሐምሌ ገብርኤል ማግስት አንዲት እናት ደወሉልኝ። ጸሎት ሲያደርሱ አንዲት ነጭ ርግብ መስኮታቸው ላይ አርፋ፣ ሲከፍቱላት ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ይቺ ርግብ ዝም ብላ አልመጣችም» አሉኝ።

«ልክ ብለዋል እማማ፣ በጭነት መኪና ተጭና ነው የመጣችው።»

አልሳቁም። ርግብ ለእኛ ምን እንደሆነች እኔም አውቃለሁ፤ የጥምቀትን ሥዕል እያዩ ላደጉ ሰው ነጭ ርግብ ተራ ወፍ አይደለችም። እምነታቸውን መንካት አልፈለግሁም፤ ስለዚህ በኖኅ በኩል ሄድኩ። ኖኅ ርግቧን የላካት እንድትመለስለት ነው፤ ስትመለስም እጁን ዘርግቶ ነው የተቀበላት። መንገድ ላይ ሌላ ሰው በረከት ናት ብሎ አስቀርቷት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ነፍስ መርከብ ውስጥ እንደታፈነ ይቀር ነበር አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ባለቤቷ ይፈልጋታል እንዴ?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ቁጥሩን አነበበልኝ። በማግስቱ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቅርጫት ይዘው መጡ። አመስግነው ሊወጡ ሲሉ እማማ መች ይለቁና! ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተው ሄዱ።

ሁሉም እንደ እማማ አይደለም። ቤተሰቦች በደግነት ርግቧን በፕላስቲክ ሣጥን ሥር ለወራት እንዳኖሯት ሰምቻለሁ። እየቀለቡ፣ ልጆቹ ስም አውጥተውላት። የውድድር ርግብ ግን ቤቷን አትረሳም። አዋቂ ርግብ የገዛ አርቢ ወደ ውጭ አይለቃትም፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በሩ ሲከፈት ወደ ቀድሞ ቤቷ ልትሄድ ትችላለችና ለርቢ ብቻ ዘግቶ ያኖራታል። በአርቢዎች አነጋገር እንዲህ ያለችው ርግብ እስረኛ ትባላለች። እናንተም ካስቀራችኋት ምርጫችሁ ይኸው ነው፤ ወይ ዕድሜ ልኳን ታስሯታላችሁ፣ ወይ የሆነ ቀን ጥላችሁ ትሄዳለች። «ክንፏን ብንከረክመውስ?» ያለኝም አለ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ድመትና ጭልፊት ባለበት አገር መብረር የማትችል ርግብ የሞት ቀጠሮ ተይዞላታል።

ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። በእንግሊዝ ሕግ የውድድር ርግብ የባለቤቷ ንብረት ናት። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የስርቆት ሕግ አንድ ሰው የወደቀ ነገር አግኝቶ፣ ተገቢ ጥረት ቢደረግም ባለቤቱ አይገኝም ብሎ ከልቡ ካመነ፣ ቢወስደው እንደ ሌባ አይቆጥረውም። እግሯ ላይ የተመዘገበ ቁጥር ያላትን ርግብ ባለቤቷ አይታወቅም ማለት ግን አይቻልም። በርግብ ምክንያት ፖሊስ በራችሁን ያንኳኳል እያልኩ አላስፈራራችሁም። ነገሩን ግን በስሙ እንጥራው።

ስለ ገንዘብ የሚጠይቁኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኒው ኪም የተባለች የቤልጂግ ርግብ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ መሸጧን ሁሉም ሰምቷል፤ ዴሊቨሪ የሚሠራ አንድ ወጣት ጣሪያው ላይ ያገኛትን ስንት ታወጣለች ብሎ ጠይቆኛል። የእሱ ርግብ የታክሲ ዋጋ እንኳ ባልሸፈነች ነበር። የባለቤትነት ወረቀት የሌላትን ርግብ የሚገዛ አርቢም የለም፤ ቁጥሯ የማን እንደሆነች ይናገራላ።

ሌላው ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ ያስቀኛል፣ ያሳዝነኛልም። በሌላኛው እግሯ ላይ ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቀለበት ይኖራል። «ካሜራ ነው? መከታተያ ነው? የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልደረሰም፤ ነገር እንዳያመጣብኝ» ያለኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ ካሜራ አይደለም። ውስጡ ቁጥር ብቻ የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች፤ ባትሪ እንኳ የላትም። ርግቧ ቤቷ ደርሳ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ስትረግጥ ሰዓቷ ይመዘገባል፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ድሮ ለውድድሩ የሚደረግላትን የጎማ ቀለበት ከእግሯ አውልቆ ወደ መመዝገቢያው ሰዓት መሮጥ ነበረበት አርቢው። ቺፗ እናንተ ቤት መሆኗን ለማንም አትናገርም፤ ብትናገርማ እኔም ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ወደ ምግቡ ልለፍ፤ በዚህስ የሐበሻ ቤት ከእንግሊዙ ቤት ይሻላል። ዳቦና እንጀራ አትስጧት። ያልበሰለ ድፍን ምስር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ የአተር ክክ፣ ሩዝ፣ ፈንዲሻ የሚሆነው ደቃቅ በቆሎ ሁሉ ይሆናታል። ለጾም ያስቀመጣችሁት ሱፍ ካለ ደግሞ በእጃችሁ ዘግናችሁ ስጧት፤ አርቢዎች በከረጢት የሚገዙት የርግብ እህል ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ሲያዩት ይረባረቡበታል። ቆሎ ጨው ከሌለው አይጎዳትም። ጤፉን ለራሳችሁ ተዉት፤ ዋጋውን እናውቃለን። ከእህሉ በፊት ግን ውሃ ነው። ርግብ እንደ ዶሮ ውሃ ጎንጭታ አንገቷን አታነሣም፤ መንቁሯን እስከ አፍንጫዋ ነክራ ትስባለች። ስለዚህ ዝርግ ሰሐን አይረባትም፤ ሁለት ሦስት ጣት የሚጠልቅ ጎድጓዳ ነገር ይሁን።

ለመያዝ ከፈለጋችሁ ቀን አታሳድዷት። ሲመሽ ርግብ በደንብ ስለማታይ ፎጣ ጣል አድርጎ ክንፏን ከሰውነቷ ጋር ይዞ ማንሣት ቀላል ነው። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፋችሁ፣ ድመትና ውሻ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጧት። ከነካካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ምግብ የሚሠራበት ክፍል አታስገቧት። ድመት ነክሷት ከሆነ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም መድኃኒት ካላገኘች በፍጥነት ልትሞት ስለምትችል በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋር ደውሉ። አንገቷን የምታጣምም ወይም የምትሽከረከር ከሆነ ታማለች፤ ሌላ ወፍ ካላችሁ አታቀራርቧቸው።

አሁን ቀለበቱ። ብዙዎቻችሁ የምትልኩልኝ ቁጥር ግማሽ ነው፤ በግማሽ ቁጥር ደግሞ ባለቤት አይገኝም። በብዛት የምታዩት ጂ እና ቢ በሚሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምረውን የንጉሣዊ ማኅበሩን ቀለበት ነው። ከፊደላቱ ቀጥሎ ሁለት አሃዝ የዓመቱ ነው፣ 23 ካለ እ.ኤ.አ. በ2023 ተፈልፍላለች ማለት ነው፤ ከዚያ አንድ ፊደል፣ በመጨረሻም ተራ ቁጥሩ። ተራ ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚደገም ዓመቱንና ፊደሉን ትታችሁ አምስቱን አሃዝ ብቻ ብትሰጡኝ ያቺ ርግብ የአሥር ሰው ልትሆን ትችላለች። ፊደላቱ ኤስ እና ዩ ከሆኑ የስኮትላንድ ማኅበር ነው፤ ደብልዩ፣ ኤች፣ ዩ ከሆኑ የዌልስ፤ አይ፣ ኤች፣ ዩ ከሆኑ የአየርላንድ። ኤን እና ኤል ያለው ከሆላንድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ቀለበቱን እያዞራችሁ ሦስት አራት ፎቶ አንሡ፤ ቆሽሾ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ የጥርስ ብሩሽ አስነኩት፣ ኩሱ ይለቃል። አንዳንድ አርቢ ስልክ ቁጥሩን በማኅተም ክንፏ ላባ ላይ ያትማል፤ ክንፏን ዘርጋ አድርጋችሁ እዩ፣ እድለኛ ከሆናችሁ ማኅበርም አያስፈልጋችሁ።

ቀለበት በትክክል ማንበብ የወፍ ነፍስ እንደሚያተርፍ በዓለም ፊት የታየው በአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ሜልበርን ውስጥ አንድ ጓሮ ላይ ያረፈች ርግብ እግሯ ላይ የአሜሪካ ቀለበት ተገኘባት። ፓስፊክን አቋርጣ መጣች ተብሎ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ጆ የሚል ስም ወጣላት፤ የአገሩ ባለሥልጣናትም በሽታ ታመጣለች ብለው ሊገድሏት ወሰኑ። ያዳናት አዘኔታ አይደለም። የአሜሪካው የርግብ ውድድር ማኅበር መዝገቡን አገላብጦ ቀለበቱ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን፣ ያ ቁጥር የሌላ ርግብ መሆኑን ተናገረ። አሜሪካን ረግጣ የማታውቅ የአውስትራሊያ ርግብ ሳትሆን አትቀርም ተባለና ተተወች።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። የንጉሣዊ ማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት ቸልተናም ነው፤ በድረ ገጹ የጠፋች ርግብ ማሳወቂያ ቅጽ አለ፣ ስልክም ይቀበላሉ። የሌሎቹ ማኅበራትም እንደዚሁ። ቁጥሩን፣ ያላችሁበትን ቦታና የራሳችሁን ስልክ ትሰጣላችሁ። እነሱ ለባለቤቱ ያሳውቃሉ፤ ቅርብ ከሆነ ራሱ ይመጣል፣ ሩቅ ከሆነ ሕይወት ያለው ወፍ እንዲያጓጉዙ የተፈቀደላቸውን ይልካል። ወጪው የእሱ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ማንም ገንዘብ ቢጠይቃችሁ አትክፈሉ። ቀለበቱ የውድድር ሳይሆን ቀጭን የአልሙኒየም ሆኖ የምርምር ድርጅት ስም ካለበት የዱር ወፍ ናት፤ እዚያው ላይ ወዳለው አድራሻ አሳውቁና ተዉአት።

እስካሁን ወገኖቼን ነው የመከርኩት። ከዚህ በታች ያለው ግልባጩ ለደረሳችሁ የክለብ ሰዎች ነው፤ እኔም ከእናንተ አንዱ ነኝና በድፍረት እናገራለሁ።

አንድ ሰው ሥራውን ትቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ቅጽ ሞልቶ፣ ልጆቹ እያለቀሱ ርግቧን ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ይደውልላችኋል። ከእናንተ መካከል «ጥሩ ርግብ ብትሆን ኖሮ ቤቷን ታገኝ ነበር፤ እንደፈለግህ አድርጋት» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ አለ። ከዚህም የባሰ መልስ የተሰጠው ሰው አውቃለሁ፤ አንገቷን ጠምዝዛት ነው የተባለው። ሰውየው የደወለልኝ ግራ ገብቶት ነበር። እኔ ሳልነግረው «አገራቸው ለውሻ እንኳ ሐኪም አለው፤ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። መንገድ የሳተች ርግብ ለውድድር አትጠቅምም የሚለው ሒሳብ ይገባኛል፤ በአውሎ ነፋስ ቀን የጠፋችውን የዓመት ልጅ ሰነፍ ብሎ መፍረድ ግን የአርቢ ፍርድ አይደለም። በአንድ ዓመት ጠፍተው ተመልሰው በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳይ የመጡ ርግቦች በየክለባችን አሉ። ባትፈልጓት እንኳ ቀለበቷን ያስገባላት እጃችሁ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዷትና ከዚያ በኋላ ያለውን ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ። ያንን ፍርድ ለማያውቀው ሰው፣ ለዚያውም ለደግ ሰው፣ አታሸክሙት።

ሌላው ችግር መዝገቡ ነው። ርግብ ሲሸጥ የባለቤትነት ዝውውሩ ካልተመዘገበ ጥሪው የሚሄደው ለመጀመሪያው ሰው ነው። እሱ ደግሞ «ሸጫታለሁ» ይላል፤ ለማን እንደሸጣት አያስታውስም፤ ርግቧም ካርቶን ውስጥ ትቆያለች። ቅጹን ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ቢራ ለመጠጣት ከሚፈጀው ያንሳል። ክለቦች ዝውውሩ ያልተመዘገበላትን ርግብ ለውድድር ባይቀበሉ ነገሩ በአንድ ወቅት ውስጥ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን በሐሳብነት አቀርባለሁ።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ቋንቋ ነው። ርግቦቻችን የሚያርፉበት በረንዳ የማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ በየትልልቁ ከተማ ፎቅ ላይ ያለው ነዋሪ ሶማሌ ነው፣ ሐበሻ ነው፣ ባንግላዴሻዊ ነው፣ ፖላንዳዊ ነው። ማሳወቂያችሁ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ቀለበቱ በትልቁ ተሥሎ፣ የትኛው ዓመቱ የትኛው ቁጥሩ እንደሆነ በቀስት ተመልክቶ፣ ከሥሩ ስልክ። አማርኛውን እኔ በነጻ እጽፋለሁ፤ ትግርኛውን የሚጽፍ ወዳጅ አለኝ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ማኅበረሰብ ማዕከሎቻችን ማስታወቂያ ሰሌዳ አላቸው፤ ስጠይቅ እምቢ ያለኝ የለም። የቀረው የእናንተ ፈቃድና የማተሚያው ወጪ ነው። የልጆቹ ውድድር በሐምሌ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ከዚያ በፊት መለጠፍ አለበት።



አንድ ርግብ አርቢ
ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ